ስፋት ብቻውን ይዘትን አይናገርም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ላንጋኖ አካባቢ ነው። 8ኛ ክፍል ያለችው ልጄ የሲሊንደርንና የኮንን ቀመር በቃሏ ትወጣዋለች፤ ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ግን ግራ ይገባታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጎደላት ቀመር ሳይሆን ቅርጹን በዓይነ ሕሊና ማየት ነው። ለዚህ ጎረቤቶቻችሁ ሐይቆች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ዝዋይ 440፣ ሻላ 330 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ። ስፋቱን ብቻ ያየ ተማሪ ብዙ ውኃ ያለው ዝዋይ ነው ይላል። ሆኖም የዝዋይ ከፍተኛ ጥልቀት 9 ሜትር ያህል ሲሆን የሻላ 266 ሜትር ይደርሳል። ዝዋይን ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ ብናደርገው እንኳ ይዘቱ ከ4 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አያልፍም። ሻላን ግን ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ኮን ብናደርገውና ለ3 ብናካፍል እንኳ 29 ያህል እናገኛለን።

ለ3 የምናካፍለው ለምን እንደሆነ በእጇ ትሞክረው። ከባዶ ቆርቆሮ ጋር አፉም ቁመቱም እኩል የሆነ ኮን ከወፍራም ወረቀት ትሥራ፤ በአሸዋ እየሞላች ወደ ቆርቆሮው ትገልብጥ። በሦስተኛው ቆርቆሮው ጢም ይላል።

«ፈተናው የሚጠይቀው ቀመር ነው፤ ለዚህ ጊዜ የለም» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ቀመር ቶሎ ይረሳል፣ ከሌላውም ጋር ይምታታል። «ሐይቅ እኮ ኮን አይደለም» ለሚሉም መልሱ አዎ ነው፤ ለእውነተኛው ነገር የሚቀርበውን ቅርጽ መምረጥ ግን ራሱ የጂኦሜትሪ ዋና ችሎታ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ቀመር ከመጻፏ በፊት ቅርጹን ትሳል፣ መሠረቱንና ቁመቱንም ትለይ።