ባሕር ማዶ ከኤቲኤም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አገር ገብተው ኑሮ እስኪደላደል ድረስ ገንዘብዎ ያለው በቀድሞው አገር ባንክ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ፍራንክፈርት ለሥራ ቢዛወሩም፣ ከለንደን ወጥተው ጥቂት ወራት አዲስ አበባ ለመቆየት ቢያስቡም ኤቲኤም ፊት መቆምዎ አይቀርም። እዚያ ደግሞ ከአንድ ወጪ ላይ እስከ አራት ጊዜ ሊቆረጥብዎ ይችላል። ባንክዎ ገንዘብ ባወጡ ቁጥር የሚወስደው ቋሚ ክፍያ አለ። የማሽኑ ባለቤት ክፍያ አለ። በመቶኛ የሚሰላ የውጭ ግብይት ክፍያ አለ። አራተኛው የምንዛሪ ተመኑ ነው፤ ክፍያ ብሎ የሚጠራው ባይኖርም ከሁሉም የሚበልጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 200 ዶላር አወጡ እንበል። ባንክዎ 5 ዶላር፣ የማሽኑ ባለቤት 5 ዶላር፣ 3 በመቶው ደግሞ 6 ዶላር ወሰዱ። ተመኑን ገና ሳንነካ 16 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም በወር ከ60 ዶላር ያልፋል። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈትዎ ወይም ካርድ ይዘው ከመጓዝዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ።

• «ክፍያ የለውም» ሲሉዎ፣ የትኛው ክፍያ? ለምሳሌ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ደንበኛ በእንግሊዝ የባርክሌይስን፣ በጀርመን የዶይቸ ባንክን ማሽን ሲጠቀም ባንኩ የሚያስከፍለው የ5 ዶላር ቋሚ ክፍያ ይቀርለታል። 3 በመቶው ግን አይቀርለትም። በወር 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሰው «ነፃ» በተባለው ማሽን 30 ዶላር ይከፍላል። አራቱንም አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

• ማሽኑ «በራስዎ አገር ገንዘብ ልቁረጥልዎ?» ብሎ ከጠየቀ ምን ይመልሳሉ? ሁልጊዜ እምቢ ይበሉ። የአሜሪካ ካርድ ይዘው ዩሮ ሲያወጡ ስክሪኑ «ከሒሳብዎ ይህን ያህል ዶላር ብቻ ይቀነሳል» ብሎ የተረጋገጠ ቁጥር ያሳይዎታል። ለጋስ ይመስላል፤ ግን ተመኑን የቆረጠው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ትርፉንም እዚያው ውስጥ ከቶታል። ከባንክ ሕንፃ ውጪ በቱሪስት አደባባይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በሱቅ ደጃፍ የቆሙ ማሽኖች ላይ ጭማሪው ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ወጥመዱ የአዝራሮቹ አቀማመጥ ላይ ነው። «እቀበላለሁ» የሚለው ትልቅና አረንጓዴ ይሆናል፤ «አልቀበልም» የሚለው ደግሞ ሥራውን በሙሉ የሚሰርዝ ያስመስላል። አይሰርዝም። የሚቀረው የማሽኑ ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ተመኑም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ይሰላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሚያዝያ 2020 ወዲህ ማሽኑ ኅብረቱ ውስጥ ለተሰጡ ካርዶች ጭማሪውን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ እንዲያሳይ በሕግ ይገደዳል። ያቺን ትንሽ ቁጥር ሳያነቡ ምንም አይጫኑ። ሱቅና ሆቴል ሲከፍሉም ያው ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱም ያው ነው።

• ባንክዎ የሚቆርጠው በቋሚ መጠን ነው ወይስ በመቶኛ? ቋሚ ከሆነ በርከት አድርገው አልፎ አልፎ ያውጡ። በመቶኛ ብቻ ከሆነና የማሽኑ ባለቤትም የማያስከፍል ከሆነ ግን አንዴ ማውጣትና አራት ጊዜ ማውጣት ለውጥ የለውም፤ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ቤት ማስቀመጥ ምን ያደርግልዎታል?

• የማሽኑን ክፍያ የሚመልስ ሒሳብ ማግኘት ይችላሉ? አሜሪካ ውስጥ የቻርልስ ሽዋብ ኢንቬስተር ቼኪንግ በዓለም ዙሪያ የማሽን ባለቤቶች የሚያስከፍሉትን ይመልሳል፤ የውጭ ግብይት ክፍያም አይጨምርም። ነገር ግን በማሽኑ ምንዛሪ ተስማምተው የከሰሩት «ክፍያ» ስላልሆነ ማንም አይመልስልዎትም። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የአሜሪካ አድራሻ እያለዎ ይክፈቱ፤ ከሄዱ በኋላ በሩ ይጠብባል።

• ነፃው ገደብ ስንት ላይ ያበቃል? እንደ ዋይዝና ሬቮሉት ያሉ በስልክ የሚሠሩ የገንዘብ አገልግሎቶች ጥሩ ተመን ይሰጣሉ፤ በነፃ የሚያወጡት ግን በወር የተገደበ ነው። በእንግሊዝ የሬቮሉት መደበኛ ደንበኛ ገደብ 200 ፓውንድ ነው። የቤት ኪራይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። ቅዳሜና እሁድ በምንዛሪው ላይ ጭማሪ እንዳለም ይጠይቁ።

• የያዙት ዴቢት ነው ወይስ ክሬዲት? በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ብድር ነው። ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ ዕቃ ሲገዙ የሚሰጥዎ የእፎይታ ጊዜ እዚህ የለም። የማውጫ ክፍያው ለብቻው ነው።

• የዩሮ አገር ካርድ ይዘው ሌላ ዩሮ አገር ነዎት? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ባንክዎ ለዩሮ ወጪ ከአገር ውስጥ የበለጠ እንዳያስከፍልዎ ይከለክላል። የማሽኑን ባለቤት ክፍያ ግን ይህ ሕግ አያስቀረውም።

• የሚሄዱት ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ ዛሬ ተመኑ ስንት ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከባንክ ውጪ ያለው ዋጋ ደግሞ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ያኔ በካርድ ያወጣ ሁሉ ግማሽ ያህሉን ያጣ የነበረው በተመኑ ነው፤ የትኛውም የባንክ ክፍያ እዚያ አይደርስም። ዛሬ ልዩነቱ በእጅጉ ጠቧል፤ ቢሆንም ካርዱ የሰጠዎትን ተመን ባንኮች በዕለቱ ከለጠፉት ጋር ያስተያዩ። ሌላው የማሽኑ ጣሪያ ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ ከሆነ ቋሚው ክፍያ በየወጪው ይደጋገማል፤ ባንክ ገብቶ ዶላር መመንዘር ሊረክስልዎ ይችላል። የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ያውጡ፤ የተረፈዎትን ብር መልሶ ወደ ዶላር መለወጥ ቀላል አይደለም።

• የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ የትኛው ስልክ ነው? ባንኩ ለማረጋገጫ መልእክት የሚልከው በድሮው ስልክዎ ከሆነና ያንን መስመር ከዘጉት፣ ካርድዎ ሲታገድ ማስከፈት አይችሉም። በኢንተርኔት የሚሠሩ ቁጥሮችን ብዙ ባንኮች አይቀበሉም። ከመጓዝዎ በፊት ስልኩ ውጭ አገር መልእክት እንደሚቀበል ይሞክሩ፤ ሌላ ባንክ የሰጠው ሁለተኛ ካርድም ለብቻው ያስቀምጡ።

• ማሽኑ ገንዘቡን ሳይሰጥ ከሒሳብዎ ቢቀንስስ? መብራት ወይም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያጋጥማል። ደረሰኙን ይያዙ፣ ደረሰኝ ካልወጣ ማሽኑን ከነቁጥሩ ፎቶ ያንሱ፤ ሰዓቱንም ይጻፉ። የሚያመለክቱት ካርዱን ለሰጠዎ ባንክ ነው። የአሜሪካ ባንክ ከሆነ ስህተቱን ለማሳወቅ ያለዎት ጊዜ ስህተቱ ያለበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከልዎ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። የማሽኑ ባንክ «ይመለሳል፣ ይጠብቁ» ቢልዎ እየጠበቁም ቢሆን ለራስዎ ባንክ ያመልክቱ።

• ሞክረውታል? በመጀመሪያው ሳምንት መካከለኛ የሆነ ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ ያውጡ። ሦስት ቀን ያህል ቆይተው የሒሳብ መግለጫዎን ይክፈቱና የተቀነሰብዎትን ጠቅላላ ዶላር ለተቀበሉት ገንዘብ ያካፍሉ። ውጤቱን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በድረ ገጹ ለዚያ ቀን ካወጣው ተመን ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ ስልክ አንስተው ማን እንደወሰደው ባንክዎን ይጠይቁ፤ በቂ መልስ ካላገኙ ለሁለተኛው ወጪ ሌላውን ካርድ ይሞክሩ።