ኤክስተርናሉን ማን ያዘው?

ሸዋ ቤንች፤ የአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ። የሰኔ 30 ሂሳብ መዝጊያ ተቃርቧል። ተነጋጋሪዎቹ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሹምና የማኅበሩ ወጣት ሂሳብ ሠራተኛ ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ይሄ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አልወጣም አለኝ። ኢጄክት ባልኩት ቁጥር ዕቃው ሥራ ላይ ነው፣ ፕሮግራሞቹን ዝጊና እንደገና ሞክሪ ይለኛል። የከፈትኩት አንድም ነገር የለም። ዝም ብዬ ልንቀለው?

አዛውንቱ፦ እጅሽን ከገመዱ ላይ አንሺ! አንቺ የከፈትሽው የለም ማለት የተከፈተ የለም ማለት አይደለም። ሳታዪው ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ሞልቷል። ዊንዶውስ ማን የትኛውን ፋይል እንደያዘ ያውቃል፤ ያልለቀቀ አንድ እንኳ ካለ ፈቃድ አይሰጥሽም። ጆንያው ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎው ሳይመዘገብ ይውረድ ብትዪ መዛኙ እሺ ይልሻል?

ወጣቷ፦ ቫይረስ ይሆን እንዴ?

አዛውንቱ፦ ይኸውልሽ! እዚህ አገር ኮምፒውተር ባስነጠሰ ቁጥር ቫይረስ ነው። በእርግጥ ፍላሽ ከኢንተርኔት ካፌ ይዞት የሚመጣው፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ጣጣ ያላስለቀሰው ሰው የለም። ኢጄክት እምቢ ሲል ግን አንዳንዴ የያዘው ራሱ አንቲቫይረሱ ነው፤ ገብቶ እየፈተሸ ነዋ። የፎቶ ፎልደር ተከፍቶ ከነበረም መስኮቱ ራሱ ይይዘዋል። መስኮቱን ዘግተሽ ጥቂት ብትታገሺ ብዙው በዚሁ ይለቃል።

ወጣቷ፦ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ጠበቅሁ እኮ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው የሚጠየቅ አለ። የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ፒችትሪ፣ የሚሠራበት የማኅበሩ ፋይል የት ነው ያለው?

ወጣቷ፦ እዚሁ ኤክስተርናሉ ላይ። ላፕቶፑ ቢበላሽ እንዳይጠፋብኝ ብዬ።

አዛውንቱ፦ በዪ ተገኘ! ፒችትሪ ስሙ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴጅ 50 ተብሎ ተቀይሯል፤ እኛ ግን የ2010ሩን እንደያዝን ቀርተናል። ይሁን፣ ይሠራል። ብቻውን ግን አይሠራም። ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለ፤ ፋይሎቹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። አንቺ ፒችትሪን ስትዘጊ መስኮቱ ይጠፋል እንጂ ፐርቫሲቭ እንደተቀመጠ ነው፤ ፋይሉን ቶሎ የማይለቅበት ጊዜ አለ። ደግሞስ ይሄ ባክአፕ ይባላል? ያለሽ ሂሳብ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ያለው ኤክስተርናሉ ላይ። ከጠረጴዛ ቢወድቅ የእሸት ቡናው ግዢ፣ ጀንፈሉ፣ የአባላቱ የትርፍ ክፍፍል ሁሉ አብሮ ወደቀ።

ወጣቷ፦ የያዘው ፐርቫሲቭ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አዛውንቱ፦ ግምት አያስፈልግም፣ ዊንዶውስ ጽፎ ያስቀምጥልሻል። ኢቬንት ቪወርን ክፈቺና ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ተጫኚ። ኢጄክት እምቢ ባለሽ ሰዓት ላይ ከርነል ፒኤንፒ የሚል፣ ቁጥሩ 225 የሆነ ማስጠንቀቂያ ፈልጊ። ከታች ስታነቢው ማን እንደከለከለሽ የፕሮግራሙ ስም ከነአድራሻው ተጽፏል።

ወጣቷ፦ ጓደኞቼ ግን ኢጄክት ድሮ ቀርቷል፣ አሁን ዝም ብሎ መንቀል ነው ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ይህቺን ነበር የምጠብቀው! ፍሎፒ አለፈ፣ ሲዲ አለፈ፣ ፍላሽም እያለፈ ነው፤ ይህቺ ወሬ ግን አላልፍ አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ በፊት ለፍጥነት ሲል ወደ ኤክስተርናል የሚጻፈውን በሜሞሪው እያጠራቀመ ሲመቸው ነበር የሚያወርደው። ኮፒው አለቀ ብሎሽ ጥቂቱ ገና አልወረደም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በወጣው፣ 1809 በሚባለው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ላይ ይህን ቀየሩት። ሳያጠራቅም ወዲያው ይጻፍ፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ለመንቀል ይመች አሉ። ማይክሮሶፍት ለቸኳይ እጁን ሰጠ! በ2019 ደግሞ ወሬ አቀባዩ ሁሉ ኢጄክት ቀረ እያለ አራገበው። ያ አፕዴት ምን ዓይነት እንደነበረ ታውቂያለሽ? በወጣ በቀናት ውስጥ የሰው ፋይል ሰረዘ ተብሎ ሥርጭቱን አቆሙት፤ መልሰው የለቀቁት ኖቬምበር ላይ ነው።

ወጣቷ፦ እሱ ከኢጄክቱ ጋር ምን አገናኘው፣ ጋሼ?

አዛውንቱ፦ ይገናኛል! ሁለቱም የችኮላ ሥራ ነው። እና ለውጡ የሚያስቀረው ዊንዶውስ የሚያጠራቅመውን ብቻ ነው። ፐርቫሲቭ መሀል ላይ እየጻፈ ከሆነ፣ ኮፒው 90 ፐርሰንት ላይ ከሆነ፣ ገመዱን ስትነቅይ ማን ያድነዋል? ደግሞ ቅንብሩ የየዲስኩ ነው፤ አንዱ ለፍጥነት ብሎ ቀይሮት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? አንድ ማኅበር ነበር፣ ስሙ ይቆየኝ። ልጁ ሚኒባሱ ሊያመልጠው ሆነና ነቀለ። በነጋታው ሲሰካው፣ ከመጠቀምህ በፊት ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚል መጣለት። ይዞ ጥገና ቤት ሮጠ። ባለሙያ ተብዬው መልእክቱን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቆጥሮ እሺን ተጫነው! ዊንዶውስ እንዲያ ሲል እኮ የዲስኩን ማውጫ ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያው ተቀምጧል። ምንም ሳይጻፍበት ፋይል መመለስ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የሦስት ምርት ዘመን ደረሰኝ ከካርቶን እያወጣን በእጅ መለስነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ካርቦን ኮፒው ከመደብዘዙ የተነሳ 3ቱ ከ8ቱ አይለይም። 38 ኪሎ ይሁን 83 ኪሎ ገበሬውን ቤቱ ድረስ ሄደን ጠየቅን። ገበሬውስ የሦስት ዓመት ኪሎ ከየት ያስታውስ? አንዱ እንዲያውም ልትሰርቁኝ ነው ብሎ አባረረን፣ አልፈርድበትም። ያ ባለሙያ ግን የፎርማት ዋጋ ብሎ ተቀበለን! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ገንዘቡ አይደለም፤ ደረሰኝ እንኳ አልሰጠንም...

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ 225ቱን አገኘሁት። በደብልዩ ጀምሮ፣ 3 ቁጥር አለው፣ ከዚያ ዲ ቢ ኤስ እያለ ይቀጥላል።

አዛውንቱ፦ አላልኩሽም! የፐርቫሲቭ ሞተር እሱ ነው። ሰርቪስስ የሚለውን ከፍተሽ ፐርቫሲቭን ፈልጊና ስቶፕ በዪው፣ ከዚያ ኢጄክት።

ወጣቷ፦ አሁንም እምቢ ቢለኝስ?

አዛውንቱ፦ ላፕቶፑን ታጠፊያለሽ። ግን ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ስትዪው ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሳት የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሺፍትን ተጭነሽ እንደያዝሽ ሻት ዳውን በዪ። የኤክስተርናሉ መብራት ጠፍቶ መሽከርከሩ ሲቆም ትነቅያለሽ።

ወጣቷ፦ አያስፈልግም፣ ወጣ!

አዛውንቱ፦ በዪ መልሰሽ ስኪው፣ ሥራው አላለቀም። ፒችትሪ እንደተዘጋ የማኅበሩን ፎልደር በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ገልብጪው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ነው የምትከፍቺው። ማታ ልትወጪ ስትዪ ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክአፕን ተጫኚ። በፒ ቲ ቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሠራልሻል። ስሙ ላይ ቀኑን ጽፈሽ ኤክስተርናሉ ላይ አስቀምጪ፤ የትናንቱን አታጥፊው።

ወጣቷ፦ ኤክስተርናሉን ከላፕቶፑ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ልያዘው?

አዛውንቱ፦ ቦርሳው የተሰረቀ ቀንስ? ገንዘብ ያዡ ካዝና ውስጥ፣ የደረሰኝ ጥራዙ ካለበት አስገቢው።