ትራንዚስተር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ

የአንድ አሃዝ ማሳያ ስምንት ኤልኢዲዎች፣ ሰባቱ ለቁጥሩ አንዱ ለነጥቡ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በጋራ ካቶዳቸው 80 ሚሊአምፔር ያልፋል። ይህ ለአንድ የማይክሮኮንትሮለር እግር ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ በመካከላቸው ኤንፒኤን ትራንዚስተር እናስገባለን፤ ኮሌክተሩን ከካቶዱ፣ ኤሚተሩን ከዜሮ ቮልቱ መስመር፣ ቤዙን በሬዚስተር በኩል ከእግሩ ጋር እናገናኛለን።

ትራንዚስተሩ ጅረትን 100 ጊዜ ያጎላል ብለን ለቤዙ 0.8 ሚሊአምፔር ብቻ ብንሰጥ እንሳሳታለን፤ ያ ቁጥር የማጉያ እንጂ የማብሪያ ማጥፊያ አይደለም። በከፊል ብቻ ተከፍቶ 2 ቮልት ይዞ 50 ሚሊአምፔር ቢያሳልፍ 100 ሚሊዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ማሳያውም ይደበዝዛል።

ስለዚህ የኮሌክተሩን ጅረት አንድ አሥረኛ፣ 8 ሚሊአምፔር እንስጠው፦ (5 − 0.7) ÷ 0.008 = 540 ኦም ገደማ፤ 510 ኦም እንመርጣለን። ያን ጊዜ በትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረው 0.2 ቮልት ያህል፣ የሚባክነውም 16 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ይሆናል።