ሲወርዱ የሚጠበቁ ከፍታዎች፦ ለአብራሪ ልጆቻችንና ለራሳችን የቀረበ ማሳሰቢያ

ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር፣ መስመሩ በአዊ ዞናችን፣ በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ በላይ ያልፋል። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የተነሳ አንድ የመንገደኞች ቦይንግ 737 አዲስ አበባ ሲደርስ ገና መውረድ አልጀመረም ነበር። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማኮብኮቢያ አልፎ ሄደ። የውጭ ዘገባዎች ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና ኦቶፓይለቱ ሲቋረጥ በጮኸው ደወል እንደነቁ ጻፉ። አየር መንገዱ በመግለጫው በረራው ከአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበር፣ አብራሪዎቹም ጉዳዩ እስኪጣራ ከበረራ መነሳታቸውን አስታወቀ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ማንም አልተጎዳም።

ይህን የምናነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አዊ ውስጥ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ስለሌለ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስለናል። ለሕክምናም፣ ለዐረብ አገር ሥራም ባሕር ዳር ድረስ ሄደን የምንሳፈረው ግን እኛው ነን፤ ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል የሚመጡት እንግዶቻችንም በዚያው በኩል ይወርዳሉ። መሪውን የሚይዙትም የዚህችው አገር ልጆች ናቸው።

አውሮፕላን እንደ ፈቀደው አይወርድም። በመውረጃው መንገድ ላይ ስም የተሰጣቸው ነጥቦች አሉ፤ በአንዱ ላይ ከዚህ በታች አትሁን፣ በሌላው ከዚህ በላይ አትሁን፣ በሌላው ደግሞ ልክ በዚህ ቁጥር እለፍ ይባላል። የታችኛው ወሰን በአብዛኛው ስለ ተራራው ሲሆን፣ የላይኛው በላይ በኩል ለሚያልፈው ለሌላው አውሮፕላን ነው። ለቆላ አገር አብራሪ 10,000 ጫማ ብዙ ከፍታ ነው። እንጅባራ ግን 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ በዚያው 10,000 ጫማ የሚያልፍ አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ የሚኖረው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጮቄ ተራራ ጫፍማ ከ4,000 ሜትር፣ ማለትም ከ13,000 ጫማ በላይ ነው። እኛ አገር አንዲት ቁጥር መሳሳት ሌላ ቦታ ከመሳሳት የከፋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለአብራሪ ልጆቻችን፦ አድርጉ

• መውረጃችሁን ቀድማችሁ አስሉ፤ የዘገየ ወይ ወሰን ይጥሳል፣ ወይ ፍጥነቱ አልገታ ይለዋል። በተለመደው ስሌት ለየ1,000 ጫማው 3 ኖቲካል ማይል ቢያዝ፣ ከ37,000 ጫማ ወደ ቦሌ ለመውረድ 90 ኖቲካል ማይል ያህል ያስፈልጋል። በእኛ በኩል ለሚመጣ ይህ ደብረ ማርቆስን ካለፈ በኋላ፣ አባይ በረሃ ከመድረሱ በፊት ነው። ፍጥነት ለመቀነሻ ሲታሰብበት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። የደጋ አየር ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ርቀቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። የአገው ፈረሰኛ ልጓሙን የሚሰበስበው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ እንጂ መሐል ከገባ በኋላ አይደለም።

• የተፈቀደላችሁን ከፍታ በሙሉ ቁጥሩ መልሳችሁ ተናገሩ፤ «እሺ» ብቻ ስሕተትን ይሸፍናል።

• የሞላችሁትን ቁጥር ሁለታችሁም እያያችሁ አረጋግጡ፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

• ከፍታ መለኪያው የሚስተካከልበትን የአየር ግፊት ቁጥር ከሁለት ምንጭ አስተያዩ፤ ትክክል ተደርጎ የተደገመ ስሕተትም አለና። ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተቆጣጣሪው 1001 ማለት ሲገባው 1011 አለ፤ አብራሪዎቹም የሰሙትን ደገሙ። ከፍታ መለኪያው በዚህ ምክንያት ወደ 280 ጫማ ያህል አሳሳተ። ማኮብኮቢያው ሳይታያቸው ከመሬት 6 ጫማ ድረስ ወርደው ነው ተመልሰው የወጡት።

• ወሰኑን መጠበቅ ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተቆጣጣሪው ሌሎቹን የሚያርቅበት ጊዜ ያገኛል።

ለአብራሪ ልጆቻችን፦ አታድርጉ

• «ከፍታውን ተቆጣጣሪው ይጠብቅልናል» አትበሉ፤ እሱም ስለ እናንተ እንዲሁ ብሎ ይሆናል። ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ዋሽንግተን አጠገብ ወደ ደለስ ማረፊያ ይወርድ የነበረ ቦይንግ 727 ያለቀው እንዲህ ነው። የማረፊያ አቀራረብ ፈቃድ ተሰጠው፤ አብራሪዎቹ ፈቃድ ካገኘን ተራራ የለም ብለው ወደ 1,800 ጫማ ወረዱ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ከፍታውን እነሱ ያውቁታል አለ። ተራራ መትተው 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

• ለጥቂት ያመለጣችሁትን ነገር አትደብቁ፤ ነገ በዚያው መንገድ የሚመጣው ወንድማችሁ ነው። ከዚያ አደጋ ስድስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን እዚያው ቦታ ላይ በተመሳሳይ ስሕተት ለጥቂት ተርፎ ነበር። ወሬው ግን ከድርጅቱ ግቢ አልወጣም። አሜሪካኖች አብራሪ ስሙ ሳይገለጥ ስሕተቱን የሚያሳውቅበትን አሠራር ያቋቋሙት ከዚያ በኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1976 ነው።

• ታላቅን እናከብራለን ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ይሉኝታ ለቤታችን ያምራል፣ ተራራ ግን አያውቀውም። ካፒቴኖችም «ከፍታ!» የሚላችሁን ወጣት አትቆጡት።

• ደክሟችሁ እያለ «እችላለሁ» አትበሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ድካማችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ለቤተሰብና ለዘመድ

እዚህ ላይ ራሳችንን ብንመረምር ይሻላል። አብራሪ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ማኅበሩም በእሱ ላይ ይደራረባል። ከፍቅር ነው፤ ሆኖም የምንወስድበት እንቅልፍ የሌላ ሰው ልጅ የሚሳፈርበት ነው።

• በረራው መቼ እንደሆነ ጠይቀን እናሰናብተው፤ ያልተኛ ሰው ቁጥር ያምታታል።

• «አንድ ብቻ» እያልን ጠላና አረቄ አናስገድደው፤ እንቢ ማለቱ ንቀት አይደለም።

• ሊበር ሲል የቤት ጭቅጭቅ፣ የመሬት ክርክር ወይም የብድር ጥያቄ በስልክ አንንገረው፤ ሐሳቡ ከመሣሪያው ላይ ይነሳል።

ስንሳፈር

• መውረድ ሲጀመር እንቀመጥ፣ ቀበቶ እንሰር፤ ወሰን ለመጠበቅ ድንገት የሚደረግ ለውጥ የቆመን ሰው በሌላው ላይ ይጥላል።

• አስተናጋጆቹን በዚያ ሰዓት በማይረባ ነገር አንጥራ፤ የእነሱም ዓይን መንገደኛው ላይ ሊሆን ይገባል። አብራሪዎችም ቢሆኑ በብዙ አገር ከ10,000 ጫማ በታች ከሥራ ውጪ ወሬ አያወሩም። ቦሌ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት እዚህ ዝምታው ከዚያም ቀደም ብሎ ቢጀምር ደግ ነው።

• አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ተመልሶ ቢወጣ «አልቻለበትም» ብለን አናጉረምርም፤ ተመልሶ የወጣው ለእኛ ሲል ነው።

• ዘገየ ብለን ሠራተኞቹን አናሳጣ፤ የተጣደፈ ሰው ቁጥር ይዘላል።

በማረፊያ አጠገብ ለምንኖር

ወደ መሬት ሲቀርቡ አብራሪዎቹ የሚጠብቁት ከፍታ እያነሰ ይሄዳል፤ የወፍ ሰፈርም እዚያው ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ተከሰከሰ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያ ሲነሳ ነው፤ ሲያርፍም ወፏ ያችው ናት።

• የሞተ ከብት፣ የእርድ ትርፍራፊና የምግብ ቆሻሻ ከማረፊያው ርቀን እንቅበር፤ አሞራና ርግብ የሚሰበስበው እሱ ነው።

• ልጆች በሌዘር መብራት ወደ አውሮፕላን እንዳይጫወቱ እንንገር፤ አብራሪው ማኮብኮቢያውን በሚፈልግበት ሰዓት ዓይኑን ያጨልምበታል።

• አጥር ተጥሶ ወይም ከብት ሜዳው ውስጥ ገብቶ ካየን ለጥበቃ ቶሎ እንናገር፤ ከብቱ የማን እንደሆነ በኋላ ይጠየቃል።