ሰው የሚወፍረው ስለ ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን አክስቴ ከሐኪም ቤት ተመለሱ። ሐኪሙ የስኳር በሽታና የደም ግፊት እንዳለባቸው ገልጦ መድኃኒት ካዘዘላቸው በኋላ «ክብደትዎን መቀነስ አለብዎ» ብሏቸው ነበር። በዚያው ዕለት ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጥተው ቡና ተፈላ። ስኒ የማመላልሰው እኔ ስለ ነበርሁ የተባለውን ሁሉ ሰማሁ። አንደኛዋ ጎረቤት «አፏን ብትይዝ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉ። ሁለተኛዋ «ዘራቸው ነው እንጂ፤ እናትዋስ እንዲሁ አልነበሩም?» ሲሉ ተከራከሩ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ምግቡም ዘሩም አይደለም፤ ታክሲ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጠፋ» አሉ። አክስቴ ግን ስኒያቸውን ይዘው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ የምበላው ከናንተ አይበልጥም፤ ጾሙንም አላፈርስም» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ይህ ነገር ከልቤ ስላልወጣ ከበዓሉ ዕረፍት ስንመለስ ለሥነ ሕይወት መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ሦስቱም ጎረቤቶችሽ በየዩኒቨርሲቲው ጠበቃ አላቸው። ሊቃውንቱም ገና አልተስማሙም፤ እስቲ አንብቢና ለመጽሔታችን ጻፊልን» አሉኝ። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት የተውጣጣ ነው። አክስቴ ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን «ተዪው» ብለዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ወፍራም የሚባለው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ «ወፈርሽ፥ ተመቸሽ» ማለት ምስጋና እንጂ ስድብ አልነበረም፤ ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ቢል አያስደንቅም። ሐኪሞች ግን በልክ ይናገራሉ። ልኩም አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጂግ የሒሳብ ሊቅ በ1832 ካቀረበው አሳብ የመጣ ነው። የሰውየው ክብደት በኪሎ ተወስዶ፥ ቁመቱ በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም፥ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው፥ 80 ለ2.56 ሲካፈል 31 ያህል ይደርሰዋል። 25 የደረሰ ክብደቱ በዝቷል፥ 30 የደረሰ ደግሞ ለጤና የሚያሰጋ ውፍረት አለበት ይባላል። ይህ ልክ ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ስፖርተኛውን ይበድላል፤ ቢሆንም ብዙ ሕዝብ ለመቁጠር ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጆች እንደየዕድሜያቸው አስተካክሎ በዚህ ልክ ሲቆጥር፥ በ2022 ከ8 ሰው 1 ሰው እንዲህ ያለ ውፍረት እንዳለበት አስታውቋል። ይህም ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ጎረቤት ቃል በሊቃውንት አነጋገር የኃይል ሒሳብ ይባላል። ምግብ ለሰውነት ማገዶ ነው፤ የሚሰጠውም ኃይል በካሎሪ ይለካል። አንድ ግራም ስብ 9 ያህል፥ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ያህል ይሰጣል። ዊልበር አትዎተር የተባለ አሜሪካዊ በ1890ዎቹ ዓመታት ሰውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለቀናት እያስቀመጠ የሚገባውን ምግብና የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ሒሳቡም ልክ ሆነ፤ ከገባው ውስጥ በሥራና በሙቀት ያልወጣው በሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ይህ መልስ፥ አንድ ተማሪ ስለ ምን ወደቀ ሲባል «ያገኘው ማርክ ከማለፊያው ስላነሰ ነው» እንደ ማለት ነው። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ታሞ ነበር ወይስ አላጠናም ወይስ መጽሐፍ አልነበረውም የሚለውን አይነግረንም።

የሽማግሌውን የታክሲ ነገር ስመረምር ከሁሉ ያስደሰተኝን ታሪክ አገኘሁ። በ1950ዎቹ ዓመታት ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የሎንዶንን የአውቶቡስ ሠራተኞች ይመረምር ነበር። አውቶቡሱ ሁለት ፎቅ ስለ ሆነ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሾፌሩ ግን ተቀምጦ ይውላል። ሁለቱ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች፥ የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሲሆኑ የልብ በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ አነስ ብሎ ተገኘ። በ1956 ደግሞ ሞሪስና ባልደረቦቹ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ዩኒፎርም ሲያሰፋ የመዘገበውን የሱሪ ወገብ ልክ አመሳከሩ። የሾፌሮቹ ወገብ ሰፊ ነበር። እዚህ ላይ ማንም ሰው «አያችሁ፥ መቀመጥ ነው ያወፈራቸው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር። ነገር ግን ወጣቶቹ ሾፌሮች እንኳ ቀድሞውኑ ከትኬት ቆራጮቹ ወገበ ሰፊ ሆነው ተገኙ። ታዲያ መቀመጥ ነው ያወፈራቸው ወይስ ወፈር ያለው ሰው ቀድሞውኑ የሚቀመጡበትን ሥራ መረጠ? አንድ የሱሪ መዝገብ ይህን ያህል ያስተምራል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ከዚህም በላይ ሄርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በታንዛንያ የሚኖሩትን ሐድዛ የተባሉትን ሕዝብ መርምሮ በ2012 ያወጣው ጥናት አለ። ሐድዛዎች በአደንና ሥራ ሥር በመቆፈር የሚተዳደሩ፥ በየቀኑ ብዙ የሚራመዱ ናቸው። ሆኖም በሰውነታቸው መጠን ተመዛዝኖ ሲታይ በቀን የሚያጠፉት ካሎሪ ጠቅላላ ድምር ቢሮ ተቀምጦ ከሚውለው ከአሜሪካዊው ያን ያህል አይበልጥም። ፖንትዘር እንደሚለው ሰውነት በእግር ጉዞ ያጠፋውን ከሌላው ሥራው ላይ ይቆጥባል። ሌሎች ይህን አይቀበሉትም፤ ክርክሩም አላለቀም። መራመድ ለልብ መጥቀሙን ግን ሁለቱም ወገን ይመሰክራል።

ወደ ዘር ነገር እንምጣ። በዴንማርክ አገር ለጉዲፈቻ የተሰጡ ልጆች መዝገብ ስለሚጠበቅ፥ አልበርት ስተንካርድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በጉዲፈቻ ያደጉ 540 አዋቂዎችን ለይቶ በ1986 ውጤቱን አሳተመ። ልጆቹ በውፍረትና በቅጥነት የሚመስሉት የወለዷቸውን እንጂ አብልተው ያሳደጓቸውን አልነበረም። በ1994 ደግሞ በኒው ዮርክ ጄፍሪ ፍሪድማንና ረዳቶቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን ከስብ ውስጥ ወጥቶ ለአንጎል «ስንቅ አለ፤ ይብቃሽ» የሚል መልእክት ያደርሳል። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ልጆች ይህን ሆርሞን ማዘጋጀት ሳይችሉ ይወለዳሉ፤ ቢበሉ ቢበሉ አይጠግቡም። ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ግን የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፥ ክብደታቸውም ይወርዳል። እንዲህ ባለ ልጅ ፊት «ሆዳም» የሚለው ቃል ምን ፍች ይኖረዋል? አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን የጎደለው አይደለም፤ ነገር ግን ረኃብና ጥጋብ በፈቃድ ብቻ የሚታዘዙ አለመሆናቸውን ይህ ያስረዳል።

እንግዲህ የዘሩ ነገር አሸነፈ ልል ስል ሌላ ቁጥር አጋጠመኝ። በአሜሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልኩ 30 የደረሰ አዋቂ ከመቶ 13 ያህል ነበር፤ በ2017 እና በ2018 ሲቆጠር ግን ከመቶ 42 ሆነ። የሕዝብ ደም በሁለት ትውልድ እንዲህ ሊለወጥ አይችልም። እዚህ ላይ ግራ ገብቶኝ ብዙ ቀን ቆየሁ። መንገድ ያሳየኝ ጄፍሪ ሮዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1985 የጻፈው ነው። እርሱ እንዳስረዳው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እኛም እንደ አንድ እናያቸዋለን። አንደኛው፥ በአንድ ሠፈር ከሚኖሩት መካከል ይህ ሰው ታሞ ያኛው ስለ ምን ዳነ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ይህ ሕዝብ በሙሉ ከዚያኛው ሕዝብ ወይም ከአባቶቹ ይልቅ ስለ ምን ታመመ የሚል ነው። ለመጀመሪያው ዘር ትልቅ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ያው ዘር ምንም መልስ ላይሆን ይችላል።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የፒማዎች ታሪክ ነው። ፒማዎች በአሜሪካ በአሪዞና ምድር የሚኖሩ የቀድሞ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ አኪመል ኦዳም ይባላሉ፤ የወንዝ ሰዎች ማለት ነው። ከጊላ ወንዝ ቦይ እያወጡ በበረሓ ውስጥ በቆሎ፥ አደንጓሬና ዱባ፥ በኋላም ስንዴ ያመርቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ከበላያቸው የሠፈሩ ነጮች ወንዙን ጠልፈው ለራሳቸው እርሻ አዋሉት። ቦዩ ደረቀ፤ አራሹ ሕዝብ ተራበ። በኋላም መንግሥት የነጭ ዱቄት፥ የአሳማ ስብና የስኳር ቀለብ ይሰጣቸው ጀመር። ከ1965 ጀምሮ ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ውፍረትና የስኳር በሽታ በእነርሱ ላይ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ጄምስ ኒል የተባለ የዘር ሊቅ ከዚያ በፊት በ1962 ሰውነታቸው ለረኃብ ዘመን ስንቅ እንዲቆጥብ የተፈጠረ ሰዎች ጥጋብ ሲመጣ በዚያው ቁጠባ ይታመማሉ የሚል አሳብ አቅርቦ ስለ ነበር፥ ብዙዎች የፒማዎችን በሽታ በዚህ ፈቱት። ጆን ስፒክማንን የመሰሉ ሊቃውንት ግን ይህን አሳብ ይነቅፋሉ፤ በረኃብ ዘመን በብዛት የሚሞቱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው እንጂ ቀጭን ስለ ሆነ ተለይቶ የሚያልቅ ጎልማሳ የለም ይላሉ።

ይሁን እንጂ ፒማዎች ድንበር ማዶ በሜክሲኮ፥ በሶኖራ ተራሮች ውስጥ፥ ማይኮባ በተባለች መንደር የደምና የቋንቋ ዘመዶች አሏቸው። እነዚህ ዘመዶች በእጃቸው የሚያርሱ፥ በቆሎና አደንጓሬ የሚበሉ ነበሩ። ኤሪክ ራቩሲንና ባልደረቦቹ መዝነዋቸው በ1994 ባወጡት ጥናት የማይኮባዎቹ አማካይ ክብደት 64 ኪሎ፥ የአሪዞናዎቹ 90 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ደሙ ተቀራራቢ ነው፤ የክብደቱ ልዩነት ግን 26 ኪሎ ነው! ስንቱ ከምግቡ፥ ስንቱ ከእርሻ ሥራው እንደ መጣ ከዚህ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሆኖም የአሪዞናዎቹን «አፋችሁን ብትይዙ» ለማለት የሚደፍር ሰው አስቀድሞ ወንዙን ማን እንደ ወሰደው ቢጠይቅ ይሻላል።

ከምግቡ ውስጥ የትኛው ነው ጥፋተኛው በሚለው ላይ የቆየ ጠብ አለ። በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የሎንዶን ቀባሪ ዳቦና ስኳር ትቶ እንደ ከሳ በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ዛሬም ዴቪድ ሉድዊግን የመሰሉ ሊቃውንት ስኳርና ነጭ ዱቄት ኢንሱሊንን ከፍ እያደረጉ ስብ ያስቀምጣሉ ሲሉ፥ ሌሎቹ ስቡን ራሱን ይከሳሉ። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም ተመራማሪ የነበረው ኬቪን ሆል በ2021 ባወጣው ጥናት ሰዎቹ በቀን ወደ 700 ካሎሪ ያህል አሳንሰው የበሉት ስብ ያነሰበትን እንጂ ስታርች ያነሰበትን ምግብ ሲሰጣቸው አልነበረም። እነ ሉድዊግ ሁለት ሳምንት አይበቃም ብለው መለሱ። ይበልጥ የገረመኝ ይኸው ሰው በ2019 ያወጣው ነው። 20 ሰዎችን በሐኪም ቤት ለ4 ሳምንት አስቀምጦ፥ ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ ተለዋውጦ የተሠራ ምግብ፥ ሁለቱን ሳምንት በወጥ ቤት ከጥሬው የተዘጋጀ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፥ ስኳር፥ ስብና ጨው እንዲመጣጠን ተደርጎ «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ፈጥነውም ይበሉ ነበር። በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ግድም ጨመሩ፤ ሌላውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም ሆዳም ሁን አላላቸውም፤ ሰዎቹም ያው ሰዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ለአክስቴ መንገር ከብዶኝ ነበር። በ1992 በኒው ዮርክ ጥቂት ብቻ እየበላን አልከሳ አልን የሚሉ 10 ሰዎች በረቀቀ ዘዴ ሲለኩ ከተናገሩት እጥፍ የሚጠጋ ይበሉ ነበር። የዋሹ አይመስለኝም፤ የተበላ ሁሉ አይታወስም። አክስቴን ፈራ ተባ እያልሁ በሱቃቸው ምን እንደሚቀምሱ ጠየቅኋቸው። ቀድሞ ከምንጭ ውሃ ይቀዱ፥ በእግራቸው ገበያ ይወርዱ ነበር። ትንሿን ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ግን ከጧት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ምሳ የሚያመጣላቸው ሰው ሲዘገይ ከመደርደሪያው ብስኩትና ለስላሳ ያነሣሉ፤ በጾም ቀንም የጾም ብስኩት አለ፥ ስኳር የበዛበት ሻይም ያው ጾም ነው። «ይህን እኮ ምግብ ብዬ አልቈጠርሁትም» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመምህሬ ከመስጠቴ በፊት ቡናው ዙሪያ አነበብሁላቸው። ያቺ አፏን ብትይዝ ያሉት ጎረቤትም ነበሩ። ስለ ፒማዎች ወንዝ ስደርስ አክስቴ አስቆሙኝና «ታዲያ ውሃው ተመለሰላቸው?» ሲሉ ጠየቁ። በ2004 የአሜሪካ ምክር ቤት የውሃ ድርሻቸውን የሚመልስ ሕግ ማውጣቱን ነገርኋቸው።

«ያርሱበታል?»

«አዎን፥ ያርሱበታል» አልኋቸው።

ጎረቤታችን የሁለተኛውን ስኒ ስኳር ሊጨምሩ ማንኪያውን እንዳነሡ ቆዩና፥ የአክስቴን ስኒ ሳይነኩ አለፉት።