የራም ግዢ፦ ከፍጥነቱ መጠኑ ይቅደም

የቢሮ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ለባለንብረቱ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክር «ራም ይጨመርበት» የሚል ነው። ከሻጭ ዘንድ ሲደረስ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ በተቀራራቢ ገንዘብ ፈጣን ራም ይሻላል ወይስ ሰፊ ራም?

መልሱን ለማግኘት የሱቅን አሠራር ማሰብ ይበቃል። ራም የሱቁ መደርደሪያ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ርቆ የሚገኝ መጋዘን። መደርደሪያው ሲጠብ ሻጩ በየደንበኛው መጋዘን ድረስ ይመላለሳል። ኮምፒውተሩም ራሙ ሲሞላ ትርፉን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲፈለግ መልሶ ያነሳዋል። ሙሉ ጉዞው ሲቆጠር ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ መልስ ሲሰጥ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 100 ሺሕ እጥፍ ያህል ነው። ኤስኤስዲ ልዩነቱን በእጅጉ ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ምሳሌ እንውሰድ። በ2003 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው የኢንቴል ኮር አይ 5-2400 ፕሮሰሰርና አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ራም ያለው ኮምፒውተር አለ እንበል። ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ብዙ ገጽ የተከፈተበት ብሮውዘር በአንድነት ሲሠሩበት ራሙ በቀላሉ ይሞላል። ባለቤቱ 1333 የሚለውን ራም በ1600 ቢለውጠው በወረቀት ላይ የ20 በመቶ ብልጫ ያገኛል። ይሁንና ይህ ፕሮሰሰር በአምራቹ ዝርዝር መሠረት የሚቀበለው እስከ 1333 ብቻ ስለሆነ፣ ተጨማሪው ሂሳብ የተከፈለበት ፍጥነት ሥራ ላይ አይውልም።

1600ን የሚቀበል ኮምፒውተር ቢሆንም ቁጥሩ የሚያሳየው መረጃው የሚፈስበትን መጠን እንጂ የሚጀምርበትን ቅጽበት አይደለም። ሲኤል 9 የሆነ 1333 ራም በራሱ በኩል የሚዘገየው 13.5 ናኖሰከንድ ነው፤ ሲኤል 11 የሆነ 1600 ደግሞ 13.75።

በዚያው ገንዘብ ሌላ 4 ጊጋ ቢጨመር ግን የመጋዘኑ ምልልስ ይቀንሳል። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ራሞች በትክክለኛው ቦታ ሲገጠሙ ጎን ለጎን ስለሚሠሩም የመረጃው መፍሰሻ በእጥፍ ይሰፋል። ሰፊውን የገዛ ፍጥነትንም በምርቃት አገኘ ማለት ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች ሲጣመሩ ግን ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ይሠራሉ።

ከመግዛት በፊት መለካት ያሻል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ላይ የሜሞሪውን መቶኛ ይመልከቱ። ዘወትር 90 በመቶ አካባቢ ከሆነ ችግሩ መጠን ነው። ከግማሽ የማያልፍ ከሆነ ተጨማሪ ራም ሥራ የፈታ ካፒታል ይሆናል። ከ4 ወደ 8 ጊጋ መሸጋገር ብዙ የጠቀመው ቢሮ፣ ከ8 ወደ 16 ሲያልፍ ምንም ለውጥ ላያይ ይችላል። ፍጥነት ተራው የሚደርሰው መጠኑ ሲበቃ ነው፤ በተለይ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፎቶና ቪዲዮ ለሚያቀናብር።

ሂሳብ ከመክፈል በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ በተለመዱት እትሞቹ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ማስገቢያ አይገባም። የላፕቶፕ ራም ለዴስክቶፕ አይሆንም። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ 1.5 ቮልት ሳይሆን 1.35 ቮልት የሆነውን ብቻ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በምሳሌው የተጠቀሰው ፕሮሰሰርም ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር የተገዛ ዲዲአር 3 ወደ አዲሱ ተነቅሎ አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን መጠን በርካሽ መሙላት ያዋጣል፤ ለፍጥነት የታሰበው ገንዘብ ግን ለሚቀጥለው ኮምፒውተር ቢቀመጥ ይሻላል።