ሰምቼ ነው የሄድኩት

ዛሬ የማወጋችሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚያጠነጥን የሙዚቃ አልበም እንዴት እንደሚሠራ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አልበም የዘፈኖች ጥርቅም አይደለም፤ እንደ አንድ ታሪክ መነሻና መድረሻ አለው። ይህንን የተማርኩት ደግሞ ተሳስቼ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ዓረቢያ ገብቶ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኖ መጣ። ስለ ጉዞው ግን ለዓመታት ትንፍሽ አላለም። እኔ ክራር እጫወታለሁ፤ ስለ ስደት አልበም ልሥራ ብዬ ስድስት ዘፈን ጻፍኩ። ሁሉም "አትሂዱ! ተመለሱ!" የሚሉ ናቸው። አንድ ማታ አስደመጥኩት። እስከ መጨረሻው ሰማና "ይሄንን እኮ ድሮም ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ነው የሄድኩት" አለኝ። ክው አልኩ።

ከማርቪን ጌይ ምን ተማርኩ?

ጭንቀቴን የነገርኳቸው የሙዚቃ አስተማሪዬ ስለ አሜሪካዊው ድምፃዊ ማርቪን ጌይ አጫወቱኝ። ማርቪን በዲትሮይት ከተማ በተመሠረተው ሞታውን በተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ በፍቅር ዘፈኖቹ የታወቀ ነበር። ወንድሙ ፍራንኪ ከቬትናም ጦርነት ሲመለስ ግን ያየውን መከራ ነገረው። ማርቪንም ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ፎር ቶፕስ ከተባለው ቡድን ኦቢ ቤንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ፖሊሶች ወጣቶችን ሲደበድቡ አይቶ የጀመረው ዘፈን ነበረው። ማርቪን ዘፈኑን ተቀብሎ ግጥሙንም ዜማውንም አዳበረው። "ዋትስ ጎይንግ ኦን" ይባላል፤ "ምን እየሆነ ነው?" እንደ ማለት። የኩባንያው መሥራች ቤሪ ጎርዲ መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1971 ሲወጣ ግን ተቸበቸበ፤ በግንቦት ደግሞ በዚሁ ርእስ ሙሉው አልበም ተከተለ።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዝኩ።

አንደኛ፣ አልበሙ አገሩን በአንድ ከጦር ሜዳ በተመለሰ ወታደር ዓይን ያያል። ርእሱ ራሱ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ዘጠኙ ዘፈኖች ተያያዥ ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀበለዋል። መጨረሻ ላይ የመክፈቻው ዜማ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ማርቪን በድንገት የመጣን ነገር አይጥልም። የመግቢያው ሳክስፎን ተጫዋቹ ኢላይ ፎንቴይን ለማሟሟቂያ ብሎ የነፋው ነው። በሁለት የተለያዩ ቅጂዎች የተቀዳው የማርቪን ድምፅም በስቱዲዮ ውስጥ በስሕተት አንድ ላይ ተሰማ፤ ወደደውና እንዲያው አስቀረው።

እንደገና ከዜሮ

ከስድስቱ ዘፈኖች አምስቱን ጣልኩ። ከዚያ ደብተሬን ይዤ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩና "ልጠይቅህ ትፈቅዳለህ?" አልኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ "የጓደኞቼን ስም እንዳትጠራ" ብሎ ፈቀደ። ቃሌን ሰጠሁ። ለሳምንታት ስጠይቅ፣ እሱ ሲያወራ፣ አንዳንዴም ዝም ስንል ከረምን።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ደረደርኩት፦ የመሄጃው ሌሊት፣ በረሃው፣ ጀልባው፣ የሰው ቤት ሥራ፣ መመለስ። የመሄጃውን ሌሊት በትዝታ ቅኝት ሠራሁት፤ እናታችን ሳታውቅ ጫማውን በእጁ ይዞ የወጣበት ነው። የአንዱ ዘፈን መዝጊያ ድምፅ የቀጣዩ መክፈቻ እንዲሆን አደረግኩ። በመጨረሻው ዘፈን ላይ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል፤ አሁን ግን በሩን የምትከፍተው እናቴ ናት።

እንደገና አስደመጥኩት። የበረሃው ዘፈን ላይ ሲደርስ "አቁመው" አለ። ፈራሁ። "በረሃው ጸጥ ያለ ነው ብለሃል። ውሸት ነው። ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ሰው የሚጠራህ ይመስልሃል" አለኝ። በዚያው ሌሊት ስንኙን አብረን አስተካከልነው። ወንድሜ ግጥም ሲሠራ ያየሁት ያኔ ነው። አልበሙ ገና አላለቀም፤ ግን ቤታችን ውስጥ ወሬው ተጀምሯል።

እናንተስ?

በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ወይም የሙዚቃ ክበብ ውስጥ በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት ዘፈን ለመሥራት ሞክሩ። ከመጻፋችሁ በፊት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፦

1. ጉዳዩ የደረሰበትን ሰው አነጋግረናል? ፈቅዶልናል?
2. ምን እንዳይነገርበት ይፈልጋል?
3. ግጥማችን ይጠይቃል ወይስ ያዛል?
4. የመጀመሪያው ዘፈን ለሁለተኛው ምን ያቀብለዋል?
5. ሥራው ሳያልቅ ማን ሰምቶ ያርመን?

አምስተኛዋን እንዳትዘሏት። እኔን ያዳነችኝ እሷ ናት። በሉ ደህና ሰንብቱ!